ሰባ አምስት በመቶው ድልድይ

የወረዳው የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ታረቀኝ በዕድሜው ብዙ ነገር ሠርቷል፤ ድልድይ ግን ሠርቶ አያውቅም። ይህ ታዲያ የቀጨሞ ወንዝ ድልድይ ሰባ አምስት በመቶ መጠናቀቁን በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ከማድረግ አግዶት አያውቅም። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ሊገባው ስለሚችል ማስረዳት ይገባል። ጥናቱ ተጠንቷል፤ ይህ ሃያ አምስት በመቶ ነው። በጀቱ ጸድቋል፤ ይህም ሃያ አምስት ነው። ሕዝቡ ድልድይ እንደሚያስፈልገው ግንዛቤ ተሰጥቶታል፤ ይኸው ሌላ ሃያ አምስት። በየክረምቱ ሬሳ ተሸክሞ ወንዝ ዳር የሚያድር ሕዝብ ግንዛቤ ካልተሰጠው ድልድይ እንደሚያስፈልገው በምን ያውቃል? እንግዲህ የቀረው ግንባታው ብቻ ነበር።

ግንባታውም አይቀርም ነበር፤ በመጋቢት ወር ከላይ ደብዳቤ ባይመጣ። በወረዳው ‹‹ከላይ›› ሲባል ከማን ተብሎ አይጠየቅም። ደብዳቤው ሕዝቡ በመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ላይ ያለው አመኔታ መሸርሸሩን ገልጾ፣ ይኸው አመኔታ በበጀት ዓመቱ ውስጥ በአስቸኳይ እንዲገነባ ያዛል። ለግንባታው የሚሆን ገንዘብ ግን አብሮ አልመጣም። ‹‹ገና ሥራቸው ካልተጀመረ ፕሮጀክቶች በማዛወር›› ይላል ደብዳቤው በመጨረሻው መስመር፣ ከማኅተሙ ከፍ ብሎ። ታረቀኝ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና የድልድዩን ገንዘብ ወደ አመኔታ አዛወረ።

በዚያ ገንዘብ ብዙ ነገር ተሠራ። ሕዝቡ መንግሥትን እንዴት እንደሚያምን ባለሥልጣናቱ ደብረ ማርቆስ ሆቴል ገብተው ሠለጠኑ። ሥልጠናው ስላልበቃቸው እንደገና ገቡ። ድንኳን ተገዛ፣ ሞንታርቦ ተገዛ፣ ‹‹አምናለሁ፣ እከፍላለሁ›› የሚል ጽሑፍ ያለበት ነጭ ኮፍያ በጆንያ በጆንያ መጣ። የአበሉን ነገር እንኳ ባናነሣው ይሻላል።

ታረቀኝ ክፉ ሰው አልነበረም። የገዛ እናቱ ወይዘሮ ሥራነሽ ከቀጨሞ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ ሰኔ ገብቶ ወንዙ ከሞላ እስከ መስከረም ዓይናቸውን አያየውም። በማዶ የስልክ አውታርም የለም፤ እሱም በሌላ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ተተክሎ ካበቃ ቆይቷል። ስለዚህ ያንን የዝውውር ወረቀት ሲፈርም እጁ አልተንቀጠቀጠም ማለት ግፍ ይሆናል። ተንቀጥቅጧል። ፊርማው ግን ከሌሎቹ ፊርማዎቹ አልተለየም።

እጁን ያጸናለት ነገር ደብረ ማርቆስ ነበረ። አመኔታው መገንባቱን አይቶ የሚመሰክረው ከላይ የሚመጣው ገምጋሚ አቶ ውበቱ፣ ‹‹መድረኩ ካማረ ማርቆስ ላይ ወንበር ይጠብቅሃል›› ብሎታል። ሚስቱ ሔዋን ይህን እንደሰማች ማርቆስ ሄዳ ቤት አይታ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ለክታ ተመልሳለች። ሚስት መጋረጃ ከለካች በኋላ ወደ ኋላ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ባለትዳር ያውቀዋል።

መድረኩ የሚያምረው ደግሞ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሕዝቡ በመንግሥት ማመኑን እጁን አውጥቶ እንዲያሳይ ነው፤ ይህ ቀላል ነው፤ የወረዳው ሕዝብ እጁን ለማውጣት ሰንፎ አያውቅም። ሁለተኛው ግን ያስቸግራል። ገበሬው ያለውን ከብትና መሬት ሳይደብቅ እንዲያስመዘግብ ይፈለጋል፤ የሚመጣው ዓመት ግብር የሚተመነው በዚያ ነውና። በወረዳው መዝገብ ላይ ያሉት በሬዎች ሁሉ ተሰልፈው ቢያርሱ የአንዱን ቀበሌ ማሳ አይጨርሱም። ነገር ግን በየዓመቱ ማሳው ሁሉ ይታረሳል። ማን እንደሚያርሰው መዝገቡ አይናገርም።

ለታረቀኝ አንድ ሐሳብ የመጣለት እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሳለ ከቄሱ ከየኔታ ወልደ ሩፋኤል እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል፤ ያገሩን ሰው ጠባይ ያውቃል። ያገሩ ሰው ለመንግሥት ሲዋሽ እንቅልፍ አያጣም። ቄስ መስቀል አንሥቶ ‹‹ገዝቻለሁ›› ካለ ግን ያው ሰው የገዛ ወንድሙን ጥፋትም ቢሆን አይሸሽግም። ሐሳቡንም በስልክ ለአቶ ውበቱ ነገረው።

‹‹ይህ እኮ ምርጥ ተሞክሮ ነው›› አለው ሰውዬው በደስታ። ‹‹ይቀመራል። ስሙንም በባህላዊ እሴት የታገዘ የገቢ አሰባሰብ እንለዋለን።››

የኔታ ግን ነገሩ የሚቀመር አልመሰላቸውም። ታረቀኝ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አግኝቷቸው ጉዳዩን ሲያስረዳ፣ ዓይናቸውን ከድነው ሰሙት።

‹‹ማንን ነው የምገዝተው?›› አሉት።

‹‹ሕዝቡን ነዋ የኔታ።››

‹‹አንተስ?››

‹‹እኔማ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።››

የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው ብዙ አዩት። ‹‹ልጄ፣ ግዝት እንደ ዝናብ ነው። የዚህን ማሳ ልምታ፣ የዚያን ልለፍ አይልም፤ ከሥሩ የቆመውን ሁሉ ያረጥባል። ተው፣ ይቅርብህ።››

‹‹ለአገር ልማት ነው የኔታ። እርስዎ እምቢ ካሉማ ማን ይረዳናል?››

‹‹ካልህ እንግዲህ እመጣለሁ። ነገር ግን አንዴ ካፌ ከወጣ አልመልሰውም። የሚፈታው እውነቱ ሲነገር ነው።››

ታረቀኝ እጃቸውን ስሞ ሲወጣ ምንም አልፈራም፤ ዝናብ ሳይመጣ እህልን ማስገባት ነው ብሎ አስቧልና። መርሐ ግብሩን ሲያዘጋጅ የራሱን ሪፖርት አስቀደመ፤ የአቶ ውበቱን ንግግር አስከተለ፤ ግዝቱን ከዚያ በኋላ አደረገው። ሰባ አምስት በመቶው በደረቅ ይገባል፣ ዝናቡም በገበሬው ላይ ይወርዳል።

መድረኩ የተካሄደው ሰኔ ሊዘጋ ሲል ነው። ሰኔ ሳይዘጋ ያልወጣ ገንዘብ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በገንዘብ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ኃጢአት አይታወቅም። መመሪያው ‹‹መድረኩ ፕሮጀክቱ ባለበት ቦታ ይሁን›› ስለሚል ድንኳኑ በቀጨሞ ዳር ተተከለ። ሌሊቱን ጮቄ ተራራ ላይ ሲዘንብ አድሮ ነበርና ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ስለዚህ የማዶ ሰዎች ሊሻገሩ አልቻሉም። ስለ እነሱ ድልድይ የሚባለውን ለመስማት ገሳቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በወዲያኛው ዳር ተሰልፈው ቆሙ።

‹‹ምንም ችግር የለም›› አለ የመድረኩ መሪ አበባው፣ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ የሆነ ቀልጣፋ ወጣት። አንዱን ሞንታርቦ ወደ ማዶ አዞረና የቆሙትን ሰዎች ‹‹በርቀት የተሳተፉ›› ብሎ መዘገባቸው። ኮፍያ ብቻ ነው ሊያደርስላቸው ያልቻለው። ታረቀኝ ከመካከላቸው የእናቱን ጥቁር ጃንጥላ ለየ። ከሁሉም ፊት፣ ከውሃው አፋፍ ላይ ቆመዋል።

አቶ ውበቱ ከመኪናው ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ወንዙን ከላይ እስከ ታች አየው።

‹‹ድልድዩ እንዴት ነው?›› አለ።

‹‹ሰባ አምስት በመቶ ተጠናቋል፣ ጌታዬ።››

‹‹በጣም ጥሩ ነው›› አለ አቶ ውበቱ፣ በባዶው ጎርፍ ላይ ዓይኑን በእርካታ እያንሸራሸረ።

ሕዝቡ ኮፍያውን አድርጎ ከድንኳኑ ሥር ተቀመጠ። አበባው ማይክራፎኑን አንሥቶ አቶ ታረቀኝን ለሪፖርት ሊጋብዝ ሲል፣ አቶ ውበቱ ከፊተኛው ወንበር እጁን አነሣ።

‹‹ቆይ እስቲ። አባት እዚህ ተቀምጠው መድረክ በሪፖርት ይከፈታል እንዴ? የወግ አገር አይደለም ወይ ይህ? አባታችን ይክፈቱልን።››

ታረቀኝ በድንጋጤ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ ‹‹ጌታዬ፣ የእሳቸው ተራ በኋላ ነው፤ መርሐ ግብሩ ላይ...›› ማለት ጀመረ።

‹‹አባቶች በመርሐ ግብር አይገዙም›› አለ አቶ ውበቱ ጮክ ብሎ፤ በገዛ ጨዋነቱ ልቡ ተነክቶ ነበር። እሱ ተወልዶ ያደገው ከተማ ነው። ግዝት ማለት ጠንከር ያለ ምርቃት፣ ያውም ለገበሬ ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል።

የኔታም፣ ‹‹እኔም የጾም ቅዳሴ አለብኝ፤ ብቀድም ይሻለኛል›› ብለው ተነሡ። ማይክራፎኑን ተቀብለው መስቀላቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ሕዝቡ ብድግ አለ። አቶ ውበቱም አብሮ ተነሣ፤ ታረቀኝም ተነሣ፤ መቀመጥ አይቻልም።

‹‹በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን›› አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው በሞንታርቦው ከወንዙ በላይ ሄደ። ‹‹ዛሬ በዚህ ጉባኤ አውቆ በሐሰት የተናገረ፣ እውነቱንም እያወቀ ዝም ያለ፣ ግብር የሚከፍልም ቢሆን ግብር የሚያስከፍልም ቢሆን፣ የተቀመጠም ቢሆን ያስቀመጠም ቢሆን፣ ውግዝ ከመ አርዮስ።››

ከገበሬዎቹ መካከል በበሬው ብዛት የሚታሙት አያ ገዳሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠየቁ። ‹‹የኔታ፣ የማዶዎቹንም ይይዛል?››

‹‹ግዝት ድልድይ አይሻም›› አሉ የኔታና ማይክራፎኑን መልሰው የቅዳሴው ሰዓት እስኪደርስ ተቀመጡ።

አበባው ‹‹ቀጥሎ ሪፖርት›› አለ።

ታረቀኝ ወደ መድረኩ ሲራመድ ከቤተ ክህነት የተማረውን ብልሃት ሁሉ እየጠራ ነበር። ሰባ አምስት በመቶ ሐሰት ነው ወይ? ጥናቱ ተጠንቷል። በጀቱ ጸድቋል፤ ጸድቆ የት ሄደ የሚል ጥያቄ በሰንጠረዡ ውስጥ የለም። ግንዛቤውም ተሰጥቷል። እያንዳንዱ እውነት ነው፤ ሦስት እውነት ተደምሮ እንዴት አንድ ውሸት ይወጣዋል? እንዲህ እያለ ለራሱ ተሟግቶ ለራሱ ፈረደና ወረቀቱን ገለጠ።

‹‹የቀጨሞ ወንዝ ድልድይ›› አለ፣ ‹‹ሰባ አምስት በመቶ ተጠናቋል።››

ድምፁ በሞንታርቦው ማዶ ደርሶ ከገደሉ ተመለሰና ራሱን ‹‹ተጠናቋል›› አለው። ቀና ሲል ጥቁሯን ጃንጥላ አየ። በእሷና በእሱ መካከል ያለው ጎርፍ፣ ሰባ አምስት በመቶ ተሠርቷል የተባለበት ጎርፍ፣ ከነግንዱ ያልፋል። ለጆሮው የቀረው ግን የየኔታ ሁለተኛው ቃል ነበረ፤ እውነቱንም እያወቀ ዝም ያለ። ለዚህኛው ብልሃት አላዘጋጀም። የሚበላው እንጀራ፣ ሔዋን የለካችው መጋረጃ፣ የማርቆስ ወንበር፣ ሁሉም በዓይኑ መጣ። የኔታን አየ፤ የኔታ መሬት መሬት ያያሉ።

‹‹ይህ... ይህ ያልሁት ነገር...›› አለ።

አቶ ውበቱ ድልድይ አይለይ እንጂ እውነት ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ከብዙ ግምገማ ያውቃል። ጣቱን በጉሮሮው ላይ አሳልፎ አበባውን አየው። አበባው ሞንታርቦውን ነቀለው።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ታረቀኝ ማይክራፎኑ መሞቱን አየ፤ ዝም ለማለት ከዚህ የተሻለ ምክንያት በዕድሜው አያገኝም። አፉ ግን ቀጠለ።

‹‹ውሸት ነው። ድልድዩ የለም፤ አልተጀመረም። ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ያዛወርሁት እኔ ነኝ። የፈረምሁት እኔ ነኝ። ምን ሆነ ብትሉ እዚሁ አለ። የተጠለላችሁበት ድንኳን ነው። ቅድም ስትሰሙት የነበረው ሞንታርቦ ነው። እናንተ እንድታምኑን እኛ ማርቆስ የበላነው ምሳ ነው። ከዚያ የተረፈው ደግሞ ራሳችሁ ላይ ነው።››

መጀመሪያ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ አገላብጦ አየው። ጎረቤቱም አወለቀ። ‹‹አምናለሁ፣ እከፍላለሁ›› የሚለው ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ድልድይን እንዲህ በቅርብ አይተውት አያውቁም ነበር።

አያ ገዳሙ ተነሡ። ‹‹እኔም ግዝቱ ይዞኛል፣ ልናገር። ሁለት በሬ አለኝ ብዬ ነው ያስመዘገብሁ። ስምንት ነው። ላሞቹን አልቆጠርሁም። እንግዲህ የናንተ ድልድይ ወረቀት ላይ አለ፣ ወንዙ ላይ የለም። የእኔ በሬ በረቴ ውስጥ አለ፣ ወረቀት ላይ የለም። እስከ ዛሬ እኩል ነበርን።›› ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። ‹‹ድልድዩ ሲሠራ ባይ ኖሮ ስምንቱንም እናገር ነበር። ኮፍያ ለመግዛት ግን ሁለቱም ይበዛል።››

ከዚያ በኋላ የሆነው በወረዳው ታሪክ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው እየተነሣ በሬውን፣ ፍየሉን፣ ለወንድሙ ያስያዘውን ማሳ ይዘረግፈው ጀመር። የቀበሌው መዝጋቢ መጻፍ አቃተው። ታረቀኝ ለአፍታ ያህል፣ ለአፍታ ብቻ፣ ልቡ ቀለል አለው።

ከማዶ ጩኸት የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ዞር ሲል ጥቁሯ ጃንጥላ በውሃው ላይ ትሄዳለች። እናቱ ሁለት እጃቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ወድቀዋል፤ ሰዎች ከበዋቸዋል። ወደ አፋፉ ሮጠ። ‹‹እናቴ›› እያለ ቢጣራ ወንዙ ድምፁን ወሰደው። ሰዎቹ ወይዘሮ ሥራነሽን በጋቢ አንሥተው ወደ ዳገቱ ሲወጡ አየ። የልጃቸው ሌብነት ነው የጣላቸው፤ በሰው ፊት አዋረድኋቸው ብሎ አሰበ። ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ውሃው ሊገባ ሲል አያ ገዳሙ ክንዱን ያዙት።

‹‹ወዴት ነው? ሰባ አምስቱን ተሻግረህ ሃያ አምስቱን ልትዋኝ ነው?››

የቀረውን የመድረኩን ነገር ታረቀኝ የሰማው ከሰው ነው። አቶ ውበቱ መድረኩን ለማዳን ተነሥቶ፣ ‹‹በመንግሥት የምታምኑ እጃችሁን አውጡ›› አለ። ሁልጊዜ እንደ ስንዴ ማሳ ብድግ የሚለው እጅ አልወጣም፤ ግዝቱ ለእጅም ይሠራል ብለው ፈርተው ነው። ‹‹የማታምኑስ?›› ሲባልም ማንም አላወጣ፤ ይህኛው ፍርሃት ደግሞ የቆየው ነው። መዝጋቢው የያዘው የከብት ቁጥር በኋላ ወደ ላይ ተልኮ ‹‹ካለፈው ዓመት መረጃ ጋር የማይጣጣም›› ተብሎ ተመለሰ። ወረዳው ግብሩን ባሉት በሬዎች ሳይሆን በተጣጣሙት በሬዎች ተመነ።

አቶ ውበቱ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት የኔታን ወደ ጎን ወስዶ፣ ግዝቱ በጽሑፍም ይይዝ እንደሆነ ጠይቋቸዋል አሉ።

‹‹ለሚያነበው ሰው ምን ልዩነት አለው?›› ነው ያሉት የኔታ።

ሰውዬው ይህን ሰምቶ ሪፖርቱን ራሱ ለመጻፍ አልደፈረም። አበባውም በስፍራው ነበርና አልደፈረም። በመጨረሻ በመድረኩ ላይ ያልነበረች ጸሐፊ ጻፈችው፤ ደግሞ ሪፖርት ከዚህ በፊትም እንዲሁ ነበር የሚጻፈው። አመኔታው ሰባ አምስት በመቶ ተገንብቷል ይላል። የቀረው የሕዝቡ ማመን ብቻ ነው።

ታረቀኝ ግን ያኔ መንገድ ላይ ነበር። ከወንዙ ዳር ወጥቶ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ አምበር ከተማ በኩል፣ ከዚያ ደግሞ መኪና ወደማይገባበት ዳገት በእግሩ ሄደ። ቀጨሞ ገና ጅረት ሳለ፣ ጮቄ ሥር፣ በድንጋይ የሚሻገሩበት ቦታ አለ። የማዶ ሰው በክረምት ሐኪም ሲፈልግ፣ እህል ሲያስፈጭ፣ ፍርድ ቤት ሲጠራ የሚዞረው በዚያ ነው። ታረቀኝ ይህን መንገድ በደንብ ያውቀዋል፤ ‹‹ኅብረተሰቡ በአማራጭ መንገድ እየተጠቀመ ይገኛል›› ብሎ ለላይ የጻፈው ራሱ ነው። አማራጭ መንገዱ የመድረክ ጫማውን አንዱን ተረከዝ ጭቃ ውስጥ አስቀረበት። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሲመሽበት የማያውቀው ሰው ቤት የእግዜር እንግዳ ብሎ ገባ፤ ባለቤቶቹ የተቆላ ጥሬ ሰጡት፣ አጎዛ አነጠፉለት፣ ከየት መጣህ ብለው ጠየቁት። የት እንደሚሠራ ግን ሳይጠይቁት ስላደሩ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

በማግሥቱ ጠዋት እናቱ ቤት ሲደርስ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ነጠላ ያዘቀዘቁ አሉ።

‹‹እናቴ የት አለች?›› አለ።

ሰዎቹ ድምፁን ሲሰሙ እንደ ጉድ አዩት። አንዷ ሴት አማተበች። ወደ ውስጥ ሲገባ ወይዘሮ ሥራነሽ ከግድግዳው ጥግ፣ አጎዛ ላይ ቁጭ ብለዋል። ዓይናቸው አብጧል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

‹‹እንዴት አደርሽ እናቴ›› አለ ታረቀኝ።

ወይዘሮ ሥራነሽ አፉን አፉን አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ከንፈሩን ዳሰሱት።

‹‹ተናገርህ?›› አሉት።

‹‹ምን ሆኜ አልናገርም?››

‹‹የኔታ ሲገዝቱ ሰማሁ። ከዚያ አንተ ሰባ አምስት አልህ፤ ይህንንም ሰማሁ። እኔ ከዚህ ቆሜ፣ ወንዙን እያየሁ። ከዚያ ወዲያ አፍህ ይከፈታል፣ እጅህ ይወራጫል፣ ድምፅ የለም። በቃ፣ ግዝቱ ልሳኑን ዘጋው፣ ልጄ ዲዳ ሆነ አልሁ።›› ከንፈሩን እንደገና ዳሰሱት። ‹‹ሌሊቱን ስሰግድልህ አደርሁ።››

ታረቀኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትናንት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተናገረውን እውነት እናቱ አልሰሙትም። የማዶ ሰዎች ሁሉ አልሰሙትም። ድልድዩ ሊሠራላቸው የነበረው ሰዎች በጆሯቸው የቀረው የሰባ አምስቱ ውሸት ብቻ ነው፤ የቀረውን አበባው ነቅሎታል። ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣበት፤ አለቀሰ።

ከዚያም እንደገና ነገራቸው። ሞንታርቦው መነቀሉን፣ የድልድዩ ገንዘብ ድንኳንና ኮፍያ መሆኑን፣ የፈረመው እሱ መሆኑን፣ ሲፈርም እሳቸው ከወንዙ ማዶ መሆናቸውን ሳይረሳ መፈረሙን። ጎረቤቶቹ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቀድሞ የዋሸ ሰው ሲያለቅስ ማየት ለእነሱ ማስረጃ አይደለም።

ወይዘሮ ሥራነሽ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

‹‹ግዝቱ ባይኖርስ ኖሮ?››

ታረቀኝ ቀና ብሎ አያቸው። ያን ጊዜም ቢሆን እናገር ነበር ብሎ እናቱን ደስ ሊያሰኝ ፈለገ፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግዝቱ እንደሆነ የሚፈታው እውነቱ ሲነገር ነው ተብሏል፤ እሱም ተናግሯል። አሁን የሚይዘው ነገር አልነበረም።

‹‹ሰባ አምስት በመቶ ብዬ እወርድ ነበር›› አለ። ‹‹ይኸኔ ማርቆስ ቤት እያየሁ ነበርሁ።››

እናቱ ጎንበስ ብለው ተረከዝ አልባውን ጫማውን ያወልቁለት ጀመር።

‹‹እንግዲያስ አሁን አመንሁህ›› አሉት፤ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ሊያሞቁም ተነሡ።